ታነሉን የዘጋሁ ዕለት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7

ከጋሽ መነጽር ጋር የቅርንጫፉን ታነል፣ የእኛንና የእነሱን ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት የሚያገናኘውን መስመር፣ ጨረስን። ስማቸው ሌላ ነው፤ መነጽራቸው ግን ከፊታቸው ቀድሞ ነው ቢሮ የሚገባው። በሁለቱ ሕንጻዎች መሀል የስድስት ሰዓት መንገድ... ታነሉ ጎረቤት አደረጋቸው። የእኛ ስዊች፣ መስመሩ የሚያልፍበት ሳጥን፣ ላይ መነሻና መድረሻ አድራሻ፣ የእነሱ ላይ ግልባጩ። ከአስረኛ ክፍል ላቋረጠ ሰው ይሄን ማን ያስተምራል? ውለታቸውን በምን መለስኩ? ለቀልድ ታነሉን ሁለቴ ዘጋሁባቸው። ስክሪኑን በጥፊ ሲሉት ስቄ መልሼ ከፈትኩ።

ሐሙስ ጠዋት የባለቤታቸው ዓይን ፋሻ ይፈታል። መጀመሪያ የማየው ያንተን ፊት ይሁን ብለዋቸዋል። ደንግጠው መልሰው እንዳይሸፍኑት አልኳቸው። "አንተ ጉደኛ" ብለው ሳቁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8

ምን ነካኝ? ትናንት የዘጋሁት በእኛ በኩል ነበር። ዛሬ አማረኝና በታነሉ አልፌ የቅርንጫፉ ስዊች ውስጥ ገባሁ... እዚያ ዘጋሁት። በገባሁበት መንገድ! መልሼ ልክፈት ብል በምን ልግባ?

አለቃችን ቅርንጫፉ ተቋረጠ ብሎ ጮኸ። ጋሼ ጥፋቱን የራሳቸው አድርገው "ጠዋት ያስተካከልኩት ነው ያበላሸው፣ ሴቭም አድርጌዋለሁ፣ ማጥፋት ማብራት አያድነውም" አሉ። የእኔ መዝጋት ግን ሴቭ አልተደረገም፤ ስዊቹ ጠፍቶ ሲበራ ይረሳዋል። ለቅርንጫፉ ጥበቃ ደውሎ ሶኬቱን ነቅለህ ሰካ ማለት ይበቃ ነበር። ሁለት ደቂቃ። አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ያባርሩኛል ብዬ።

ጋሼ ወደ ቅርንጫፉ የከሰዓቱን አውቶቡስ ያዙ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

ጋሼ እዚያ ሌላው ሁሉ አልሆን ሲላቸው ስዊቹን አጥፍተው ሲያበሩት ታነሉ ተነሳ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ። ፋሻው የሚፈታው በሦስት ነበር...

ዓርብ፣ ጥቅምት 10

ነገርኳቸው። ሙሉውን። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ ጠረጉ... "ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ሄደህ ለእሷ ንገራት።"

እሁድ፣ ጥቅምት 12

ቤታቸው ሄድኩ። በሩን የከፈቱት እትዬ፣ ባለቤታቸው ራሳቸው ናቸው። ያ አስቂኙ ልጅ አንተ ነህ እንዴ ብለው አገላብጠው ሳሙኝ። ለካ ጋሼ ቀልዴን ሁሉ እራት ላይ ያወሩላቸዋል። ዛሬስ ምን ይዘህ መጣህ አሉኝ፣ ሊስቁ ተዘጋጅተው።

እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ሳቃቸው ቀስ እያለ ከፊታቸው ጠፋ። ጋሼ ጥግ ላይ ተቀምጠው ምንጣፉን ያያሉ። ማንም አልረዳኝም።

"መጀመሪያ ያየሁት የነርሷን ጓንት ነው" አሉ እትዬ።