አባባ ተሳፋሪ ሆነ

ለምወድህ ወንድሜ ለሃልቫር፤

ይህች ወረቀት እጅህ እስክትገባ ስንት ባሕር እንደምትሻገር ሳስበው፣ ሰላምታዬ መንገድ ላይ እንዳይበርድብኝ ደግሜ ደጋግሜ ልስጥህ። እንደምን አለህ? ጤናህስ? ባለቤትህ ሂሜናስ ደህና ናት? ሥራው አላደከማትም? ቶማስ ያ የተሰበረው ክንዱ በደንብ ገጠመለት ወይ? ኤሊሳስ አሁንም እንደ አክስቷ ለፍላፊ ናት? በዚያ በዓለም ደቡብ ጥግ፣ ፖርቶ ሞንት፣ አሁን ዝናቡና ብርዱ የከረረበት ጊዜ ነውና ያ ጉልበትህ እንዳይነሣብህ፣ ደረብ አድርግበት። እኛ ከአንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብንም። እኔ ደህና ነኝ። አባባም ደህና ነው፤ ደህና ብቻም አይደለም፣ ይኸው ልነግርህ ነው።

እንደተመለስን ስደውልልህ ሁሉንም ባንዴ ልናገር ስል ምላሴ ተሳሰረ። አንተም ምን ሆነሽ ነው የምትስቂው እያልክ ስልኩ ተቋረጠ። ስለዚህ ከሥሩ ጀምሬ በጽሑፍ ይሻላል አልኩ። ወንድሜ፣ አባባን በባሕር ዳርቻው መርከብ አሳፍሬ እስከ ሰሜኑ ጫፍ እስከ ኪርከነስ ድረስ ወስጄ መለስኩት። ዘጠኝ ቀን! ከመጣን ሦስተኛ ቀናችን ነው፣ እኔ ግን አሁንም ስተኛ አልጋው የሚወዛወዝ ይመስለኛል።

ነገሩ የተጀመረው በማርች ነው። የአባባ ዓይን እየደከመ መሄዱን በስልክ ነግሬህ ነበር። የዓይን ሐኪሟ በዚያ ወር አንድ ቀን ቁርጡን ነገረችን። የሁለቱም ዓይኖቹ መሃል እየጠቆረ ነው፤ ዳር ዳሩ ይቀራል፣ መሃሉ ግን ምናልባት ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ ያነሰ ጊዜ ነው ያለው አለች። መድኃኒት እንደሌለውም አልደበቀችንም። በአውቶቡስ ተመለስን። ቤታችን ልንደርስ ስንል፣ «ቶሩን፣ አርባ ዓመት ሰሜን ስመላለስ አንድም ቀን ሰሜንን አላየሁትም» አለኝ።

መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው እውነቱን ነው። አባባ የሞተር ክፍል ሰው ነበር። ከላይ ደወሉ ሲደወል እጀታውን ያዞራል፣ ወደቡን የሚያውቀው በእግሩ ነው፤ ወለሉ እንዲህ ከተንቀጠቀጠ ቦዶ ነው፣ እንዲያ ከሆነ ትሮምሶ። ተራው ሲያልቅ ደግሞ ሬሳ ሆኖ ይተኛል። ታዲያ ልጆች ሳለን አልጋችን ዳር ተቀምጦ ያወራልን የነበረው ሁሉ፣ መሃሉ የተቀደደው ተራራ፣ ተሰልፈው የቆሙት ሰባቱ እህትማማቾች የሚባሉት ተራሮች፣ እግሩን ሐይቅ ውስጥ የሚነክረው የበረዶ ግግር፣ ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ከጋሽ ፔደር ነው። ጋሽ ፔደርን ታስታውሳቸዋለህ፤ ከላይ በመርከቡ ሰገነት ገመድ የሚስቡት፣ ያ ድምፃቸው እንደ ጥሩምባ የነበረው። በየቀኑ ወደ ሞተር ክፍሉ በር ብቅ እያሉ ያዩትን ለአባባ ይነግሩት ነበር። እሱ ለእኛ አመጣልን።

ከዚያም አባባ የማላውቀውን ነገር ነገረኝ። ጡረታ በወጣበት ቀን በተደረገለት ግብዣ ላይ አንድ ነገር ተናገር ሲባል፣ ስለ ተራሮቹ ሲያወራ እህትማማቾቹ ዱሮ ስምንት እንደነበሩ፣ ስምንተኛዋ ከአንድ ስዊድናዊ መርከበኛ ጋር እንደኮበለለች፣ ቦታዋም ባዶውን ቀርቶ እንደሚታይ ተናገረ። ፔደር እንደዚያ ብለውታላ! ካፒቴኑ ሳይቀር ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አባባ ግን እንደ ቁም ነገር ነበር የተናገረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላውም ሁሉ ውሸት ነው፣ አርባ ዓመት ተጫወተብኝ ብሎ ደመደመ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጋሽ ፔደር ጋር አንዲት ቃል አልተነጋገሩም። በየገናው የሚመጣውን ፖስትካርድ ሳያነበው መሳቢያ ውስጥ ይከተው ነበር። «ዓይኔ ሳይጠፋ፣ የቱ እውነት የቱ ውሸት እንደሆነ ለይቼ ማወቅ እፈልጋለሁ» አለኝ። በማግሥቱ ከምሠራበት ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ለጁን ፈቃድ ወሰድኩና ቦታ አስያዝኩ።

የተነሣንበትን ቀን ብታየው! ሻንጣውን ከሦስት ቀን በፊት በር ላይ አቁሞ ነበር። ሞልደ ወደብ ላይ መርከቡ ሲጠጋ እግሩ ሳያስበው ወደ ሠራተኞቹ መግቢያ ይዞት ሄደ። በሩ ላይ የቆመችው ወጣት ልጅ ክንዱን ለስለስ አድርጋ ይዛ፣ አባት፣ ተሳፋሪዎች በዚያኛው ነው አለችው። ዞር ብሎ አየኝ። ሃልቫር፣ በዚያ ዕድሜው እንደ ሙሽራ ሲያፍር አየሁት። የመጀመሪያውን ቀን መቀመጥ አቃተው። ምግብ ቤቱ ውስጥ የዓሣ ሾርባውን ትቶ ጫማውን በማውለቅ ወለሉን በእግሩ ያዳምጣል፤ ግራው ሞተር ሥራ ፈቷል እያለ አስተናጋጆቹን ይመክራል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሰሜን ዋልታ ክበብ የሚባለውን መስመር ስናቋርጥ ደግሞ፣ አዲስ ሰው ሁሉ ሰገነቱ ላይ ተሰልፎ በአንገቱ ሥር አንድ ጭልፋ በረዶ የሚጨመርበት ልማድ አለ አይደል? አባባ ተሰለፈ። በረዶ የሚጨምረው ሰውዬ፣ አባቴ እርስዎ ስንተኛ ጊዜዎ ነው ብሎ ሲጠይቀው፣ አንድ ሺህ ጊዜ ይሆናል፣ ግን ማንም ወደ ታች ወርዶ አላጠመቀኝም አለ። ሰዉ አጨበጨበለት። ሁለት ጭልፋ አስጨመረ። ሸሚዙ ውስጥ በረዶው ሲንሸራተት የሳቀው ሳቅ፣ እማማ ከሞተች ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው ነው።

ከመርከቡ ወደ ትንሽ ጀልባ ተዛውረን ወደ ፊዮርዱ፣ በተራሮች መሃል ወደሚዘልቀው የባሕር ክንድ፣ የገባነው ከዚያ በኋላ ነው። ስቫርቲሰን፣ ያ የበረዶ ግግር! እኔ እንኳ የማውቀው በፎቶግራፍ ነበር። ውሃው አረንጓዴ፣ ተራራው ጥቁር፣ በመሃሉ ያ በረዶ ከሰማይ የተደፋ ወተት መስሎ ይወርድና ስንጥቁ ውስጥ ሰማያዊ ይሆናል። ምን ዓይነት ሰማያዊ እንደሆነ ልነግርህ አልችልም፤ ብርድ ቀለም ቢኖረው ያ ነው። ከላይ የሚወርደው ነፋስ ፊታችንን ሲነካን ሁላችንም ኮታችንን ሳብ አደረግን። አባባ ፊት ለፊት ሲያይ መሃሉ ስለሚጠፋበት፣ ዶሮ ጥሬ ስታይ እንደምታደርገው አንገቱን ሰበር አድርጎ በጎን ያየዋል። እንባው በጉንጩ ይወርዳል፣ አይጠርገውም። እኔም እጁን ይዤ እንደ ሕፃን እዘላለሁ፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው እኮ።

በኋላ ግን ፊቱ ጠቆረ። በረዶው ሐይቁ ድረስ አልወረደም። ከውሃው ርቆ፣ ራቁቱን ከቀረው አለት በላይ ነው የቆመው። እግሩን ውሃ ውስጥ ይነክራል ያለው የታለ? ብሎ ጀመረ። ይህም ውሸት ነው አለ። መርከባችንን ቦዶ ላይ መልሰን እስክንይዝ ድረስ ሲያጉረመርም ቆየ። ቦዶ ሁለት ሰዓት ተኩል እንደምንቆም ሲሰማ፣ ፔደር የሚኖርበትን የአረጋውያን ቤት ፈልጊልኝ አለኝ። አድራሻውን ለካ ከፖስትካርዶቹ ላይ ቀዶ ኪሱ ውስጥ ይዞት ነበር።

ጋሽ ፔደር መስኮት አጠገብ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ድምፃቸው አሁንም ያው ጥሩምባ ነው። ገና ሰላም ሳንባባል አባባ ጀመረ።

«አንተ ቀጣፊ» አለ፣ «ዛሬ በረዶህን በዓይኔ አየሁት። ሐይቁን አይነካም።»

ጋሽ ፔደር ተነሡና ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ አውርደው አባባ ጭን ላይ አስቀመጡለት። አባባ በጎን ሊያየው እየሞከረ ሲቸገር እኔ ነገርኩት፦ ወጣቱ ፔደርና ሚስቱ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ያ ሰማያዊ በረዶ ውሃው ውስጥ ገብቷል፤ ከትከሻቸው ትንሽ ራቅ ብሎ ነው። ለካ ጋሽ ፔደር የዚያ ፊዮርድ ልጅ ናቸው። አባባ ፎቶግራፉን በመዳፉ ዳሰሰው። ከዚያ ጋሽ ፔደር ዝግ ባለ ድምፅ፣ በረዶው አሁን የት ድረስ ነው የሸሸው ብለው ጠየቁት። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ወደዚያ ሄደው አያውቁም ነበር። አባባም ክንዱን ዘርግቶ፣ ሐይቁን እዚህ፣ አለቱን እዚህ፣ በረዶውን ከላይ እዚህ እያደረገ አሳያቸው። አሁን እሱ ነበር ያየው፤ እሳቸው ደግሞ አድማጭ። ጋሽ ፔደር ሁሉንም ሰምተው ሲጨርሱ መሐረብ አውጥተው ብዙ ጊዜ አፍንጫቸውን ጠረጉ።

አባባ ቀስ ብሎ፣ ስምንተኛዋ እህትስ አላቸው። እሷ ውሸት ናት አሉ። የተቀደደው ተራራስ ሲላቸው ግን ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«እሱ እውነት ነው። ስትመለሱ ታየዋለህ።»

«ብቻዬን ካየሁት ምን ዋጋ አለው?» አለ አባባ። «ኮትህን ልበስ።»

ወንድሜ፣ ያንን አንድ ሰዓት ብታየው! ነርሷ መድኃኒታቸውን በከረጢት እያደረገች ትስቃለች፤ እኔ ስልክ ላይ ሆኜ ለመርከቡ አንድ አልጋ ጨምሩልኝ እያልኩ እለምናለሁ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች የትኛው ካልሲ ይያዝ በሚለው ይጨቃጨቃሉ። ገመዱ ሊፈታ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ተሳፈርን።

ከዚያ ወዲያማ ምን ልበልህ! ትሮምሶ፣ ሃመርፌስት፣ ያ ዛፍ የሌለበት ራቁት ምድር፣ አጋዘኖቹ ባሕሩ ዳር ድረስ ወርደው ጨው ሲልሱ። ጋሽ ፔደር ሰገነቱ ላይ እየመሩ ያሳዩታል፣ አባባ አንገቱን ሰብሮ ያያል፣ አይተህ ነበር፣ አላየሁም፣ እንደገና እይ ይባባላሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሞተር ክፍሉ አለቃ፣ ኢንግቪል የምትባል ወጣት ሴት፣ የአባባን ታሪክ ሰምታ ሁለቱንም ወደ ታች ወሰደቻቸው። ጋሽ ፔደር አርባ ዓመት ሲሠሩ ከበሩ አልፈው ገብተው አያውቁም ነበር። ጫጫታው ሲመታቸው ጆሯቸውን ይዘው ግድግዳ ተደገፉ። አባባ ግን መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። ሲወጡ ጋሽ ፔደር፣ እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜ ሳፏጭ አንተ እዚያ ውስጥ ነበርክ እንዴ ብለው ክንዱን እስከ እራት ድረስ አልለቀቁትም።

በመልሱ መንገድ ቶርግሃተን፣ ያ የተቀደደው ተራራ ጋ ደረስን። ቀኑ ብሩህ ነበር። ሰዉ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተሰበሰበ። እኔ ወዲያው አየሁት፤ ተራራው መሃሉ ተበስቶ በወዲያኛው በኩል ሰማይ ይታያል። አባባ ግን ሊያገኘው አልቻለም። ዓይኑን ሲጥልበት ቀዳዳው በትክክል ያ የጠቆረው መሃል ውስጥ ይገባበታል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሞከረ። መርከቡ አይቆምም። ይህን ያህል መጥተን እንዲህ ሊቀር ነው ብዬ ከንፈሬን ነከስኩ።

ጋሽ ፔደር ከኋላው ቆመው ጭንቅላቱን በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ጎን አዞሩት። «ተራራውን ተወው» አሉት። «ያችን ትንሽ ደሴት እያት። እሷን ብቻ። ተራራው ራሱ ይመጣልሃል።»

አባባ ደሴቷን አየ። አፉ ተከፈተ። «ሰማይ ነው» አለ። «ፔደር፣ በውስጡ ሰማይ ይታያል።» ሁለቱም ተያይዘው እስኪያልፍ ድረስ ቆሙ። እኔ ከአጠገባቸው ከቆመች የማላውቃት ጀርመናዊት ሴት ጋር ተቃቅፌ አለቀስኩ፤ ምን እንደሚያስለቅሰን አላወቀችም፣ ግን አለቀሰች።

ጋሽ ፔደር አሁን እኛ ቤት ናቸው። ለአንድ ሳምንት ነው ብለው መጡ፣ ትናንት ግን ነርሷ የቀሩትን ልብሶቻቸውን በፖስታ እንድትልክ ሲነግሯት ሰማሁ። ያሉት በአንተ ክፍል ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከተራራው በኋላ አባባ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሰገነቱ ላይ ሳለ፣ ሃልቫር ፀጉሩ ሸብቷል እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ከጆሮው በላይ ትንሽ አልኩት። ስልኬን አውጥቼ ፎቶህን ላሳየው ስል እጄን መለሰው። ፎቶግራፍ አይንቀሳቀስም፣ የሚንቀሳቀስ ፊት ግን በዓይኔ ጠርዝ ገና ያዝ አደርጋለሁ አለኝ። ቀጥሎም ይህን እንዳልጽፍልህ አስማለኝ፤ ሥራ አለው፣ ልጆች አሉት፣ መንገዱም ሩቅ ነው አለ። እኔም ማልኩለት። ሃልቫር፣ መሐላዬን ማፍረሴ ይኸው ነው። በሴፕቴምበር ና። ከዚያ በኋላ አይደለም፣ በሴፕቴምበር። እኔ ሳሎን እተኛለሁ፣ አንተ የእኔን ክፍል ትይዛለህ።

ሂሜናን በሁለቱም ጉንጯ አንተው ሳምልኝ። ቶማስን ክንዱን እየጠበቅህ እቀፍልኝ። ለኤሊሳ፣ አክስትሽ በመርከብ ላይ ከአንቺ የባሰ ለፈለፈች በላት። አባባ ሁላችሁንም ይስማል። ጋሽ ፔደርም ሰላም ይላሉ፤ ልጆችህ ሲመጡ የምነግራቸው ስለ ዓሣ ነባሪ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለኝ ብለዋል፤ አባባ ደግሞ ከጎናቸው ሆኖ እንዳታምኗቸው ይላል።

እህትህ ቶሩን

ሞልደ፣ ጁን 23 ቀን 2018