ሃምሳ አለቃ ዓንዶም፦ የሁለት አባት ልጅ የሕይወት ታሪክ

ይህን የሕይወት ታሪክ ያስጻፍኩት ታላቅ እህታቸው ትርሓስ ተስፉ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም። አምና ስለ ወንድሜ ሜዳይ ልመሰክር ሜዳዩን ወደሚሰጠው ቢሮ ብሄድ፣ የልጅ ልጄ የሚሆን ጸሐፊ በመስኮት በኩል አቁሞኝ መታወቂያዬን አገላብጦ አየና፣ «እማማ፣ የእርስዎ አባት ተስፉ፣ የባለ ሜዳዩ አባት ገብረኣብ፤ እንዴት ነው እህት የሚሆኑት?» ብሎ ጣቴን እንኳ ሳያስፈርም መለሰኝ። ጡት ሳይጥል በጀርባዬ ያዘልኩትን ልጅ ምኑ እንደሆንኩ እኔኑ ጠየቀኝ። ስለዚህ ዛሬ በሰው ፊት እንዲነበብ ለልጃቸው ለሄርሞን እየነገርኩ አስጽፌያለሁ፤ እንዳታሳምሪው ብያታለሁ። በቤታችን «አንተ» ነበር የምለው። ዛሬ ወግ ነውና አንቱ እላቸዋለሁ።

ሃምሳ አለቃ ዓንዶም ከአባታችን ከአቶ ተስፉ ሐጎስና ከእናታችን ከወይዘሮ ለተብርሃን ግደይ በ1946 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአጋሜ አውራጃ ተወለዱ። እሳቸው ገና ሳይድሁ አባታችን ለአጨዳ ቆላ ወርደው በወባ ሞቱ። የእናታችን ወንድም አቶ ገብረኣብ የትሬንታ ኳትሮ ጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ሁለታችንንም ጭነት ላይ አስቀምጠው አዲስ አበባ አመጡን። ያኔ ገርጂ የጤፍ ማሳ ነበር። ቦሌ አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ሲል ዓንዶም በማሳው መሐል እየሮጡ አጥሩ ሥር ይደርሱ ነበር። ማታ እግራቸውን የማጥበው እኔ ነኝ፤ የጉልበታቸው ጭቃ አይለቅም ነበር።

ትምህርት ቤት ሲመዘገቡ «የማን ልጅ ነው?» ተባለ። አጎታችን «የኔ» አሉ። ነገሩ ይኸው ነው። ያሳደገ በስሙ ያስጠራል፤ በዚያ ዘመን ይህን ነውር ያለ ሰው የለም። እኔን ትምህርት ቤት የሚወስደኝ ስላልነበረ የአባቴ ስም ሳይነካ ቀረ። ካለመማሬ ያተረፍኩት እሱን ብቻ ነው።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ መንዳቱን ከአጎታችን ለመዱና በ1967 ዓ.ም. ዓንዶም ገብረኣብ ተብለው ወታደር ሆኑ። በ1970 ዓ.ም. በምሥራቁ ጦርነት የውሃ ቦቴ ይነዱ ነበር። አንድ ሻለቃ ጦር ተከቦ ውሃ ባጣ ጊዜ ሌሎቹ መኪናዎች ከመንገድ ሲመለሱ፣ እሳቸው ጎማቸው ተመትቶ በቸርኬው ብረት ብቻ እየነዱ ገቡ። ሲወጡም እግራቸው ቆስሎ፣ በቦቴው ጀርባ ቁስለኛ ጭነው ወጡ። ያን ውሃ ከጠጡት አንዱ ዛሬ ከአስከሬኑ አጠገብ የቆሙት አቶ ሃይደር ናቸው። «ናፍጣ ናፍጣ ይል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን እንደሱ የጣፈጠኝ ውሃ የለም» ይላሉ። ወንድሜም «አንተ ምን አለብህ፣ ግማሹን ቦቴ ብቻህን ጨርሰህ» እያሉ ያስቁን ነበር። ለዚህ ሥራቸው ሜዳይ ተፈቀደላቸው። ስማቸው በሰልፉ ፊት ሲጠራ እሳቸው ሐረር ሆስፒታል ተኝተው ነበርና ሳይቀበሉት ቀሩ።

በ1975 ዓ.ም. ወይዘሮ ብርነሽን አገቡ። የበኩር ልጃቸው ቃልአብ ክርስትና ሲነሣ እናታችን ከአገር ቤት መጥተው «የወለደህን ሰው ስም መሬት በላው» ብለው አለቀሱ። አጎታችን ብድግ ብለው፣ «ማሳደጉን አሳድጌያለሁ፤ ስሙን ለባለቤቱ መልስ» አሉ። ዓንዶምም በቀበሌ ዓንዶም ተስፉ ተባሉ። እዚህ ላይ ጥፋት አለ ከተባለ፣ እናቱን የሰማ ልጅ ጥፋት ነው።

ከሠራዊቱ ሲሰናበቱ ሃያ ሁለት አካባቢ ጋራዥ ሠሩ፤ በኋላም ከላምበረት ደሴ የሚመላለስ አውቶቡስ ያዙ። ከመንገድ ሲመለሱ ገና ከሰፈሩ ጫፍ ጥሩምባ ይነፉ ነበር። ጎረቤቱ «ትርሓስ፣ ወንድምሽ ገባ» ይለኛል፤ እኔም ጆሮ አለኝ እላለሁ። ዛሬ በዚያ መንገድ ስንት መኪና ጥሩምባ ይነፋል፤ አንዱም የኔ አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. ሜዳያቸውን ጠየቁ። ቢሮው መታወቂያው ተስፉ ስለሚል ዓንዶም ገብረኣብ ሌላ ሰው ነው፤ ወይ ራሱ ይቅረብ፣ ወይ መሞቱ ይረጋገጥ አለ። አቶ ሃይደር ሊመሰክሩ ሄደው «ያኔ መታወቂያቸውን አይተዋል?» ቢባሉ፣ «ውሃ የጠማው መታወቂያ ይጠይቃል?» ብለው ወጡ። ወንድሜ ግን መሄዳቸውን አልተዉም። ኮታቸውን አስተኩሰው፣ ኦሎምፒያ ታክሲ ሲቀይሩ ጫማቸውን አስጠርገው ይሄዱ ነበር። የደረት ኪሳቸው ላይ እስክሪብቶ እንኳ አይሰኩም፤ ቦታው የተያዘ ነው ይሉ ነበር።

ኩላሊታቸውን ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው በ2009 ዓ.ም. ቀድመዋቸዋል። ልጆቻቸው ቃልአብና ሄርሞን፣ የልጅ ልጃቸው ዳናይት፣ እኔም እህታቸው ቀርተናል። የተጠማ አጠጥተዋልና እግዚአብሔር በማይነጥፍ ምንጭ ዳር ያሳርፋቸው፤ ወልዶ ካለፈውም አሳድጎ ካለፈውም አባታቸው ጋር ያገናኛቸው።

ከቢሮው አበባ ይዛችሁ የመጣችሁ ልጆች፣ አይቻችኋለሁ። የዓንዶም ገብረኣብ መሞት ይረጋገጥ ብላችሁ ነበር፤ ይኸው ተረጋግጧል። ሁለት ሰው ናቸው የምትሉ ከሆነ፣ ሳጥኑ ጉድጓድ ሳይወርድ ሁለተኛውን ሬሳ አምጡና ለእሱም እናልቅስ። ከሌላችሁ መዝገቡን አርማችሁ፣ ለአርባቸው ሜዳዩን ቤቴ ድረስ ይዛችሁ ኑ። ወንበር አለኝ፤ እኔ ሰው በመስኮት አላቆምም።