ለሦስት ደቂቃ የተጻፈ ጥያቄ

ዓርብ

ሐዋ እስክትደርስ አንዱን ዓረፍተ ነገር አራት ጊዜ ጻፍኩት። አሁንም ይረዝማል።

ሐዋ ኦብሑር ሰፈር በአንድ ቪላ ምግብ አብሳይ ናት፤ የምትለቀቀው ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነው። ታናሽ እህቷ ከድጃ ተርሂል ገብታለች። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሰው ወደ አገሩ እስኪላክ የሚያዝበት ቦታ ነው። የመመለሻ ወረቀቷ ከተሠራ ቆይቷል። ባሏ ከወንዶቹ ጋር በቀደመው በረራ ሄዶ ኮምቦልቻ ይጠብቃታል። የእሷ ስም ግን ዝርዝር ላይ አልወጣም። ነፍሰ ጡር ናት፤ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ስምንቱን ከጨረሰች አውሮፕላን አያሳፍራትም፤ እዚያው ወለሉ ላይ ትወልዳለች ማለት ነው። ሐዋ በጣቷ ስትቆጥር ሦስት ሳምንት ገደማ ቀርቷል።

ማክሰኞ የአገራችን ምክር ቤት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ይጠይቃል። ዜጎችን ለመመለስ በጀት ያጸደቀው ይኸው ምክር ቤት ነው። ከወሎ የተመረጡት አቶ ይመር፣ መካ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ለሚነግዱት ለሐጂ ኑር የአክስት ልጅ ናቸው፤ ጥያቄውን እንደሚያነሡ ቃል ሰጥተዋል። እንድጽፈው የተለመንኩት እኔ ነኝ። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት አሥራ ስምንት ዓመት ምክር ቤቱን ለጋዜጣ ዘግቤአለሁ። አሁን ፔትሮሚን ሰፈር ውስጥ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ጸሐፊ ነኝ።

ከዚያ ሥራ የቀረኝ ዕውቀት ይህ ነው፦

ጥያቄ አንድ ራስ ይኑረው። ሁለት ካለው ሚኒስትሩ ቀላሉን ይመልሳል።
«ምን ታስቧል» አይባልም። የማይታሰብ ነገር የለም።
«መቼ» ይባላል።

ለሐዋ አነበብኩላት፦ «ምክር ቤቱ ዜጎችን ለመመለስ ካጸደቀው በጀት፣ ወረቀታቸው ላለቀ ነፍሰ ጡሮች ትኬት የሚቆረጠው መቼ ነው?»

«ይኸው ነው?» አለች። ለሁለት ሰዓት ሥራ ትንሽ መስሎ ታያት።

ቅዳሜ

ሐጂ ኑር ጥያቄው ለአቶ ይመር ከመላኩ በፊት ሽማግሌዎች ፊት ይነበብ አሉ። ደንባቸው ነው። የመካ ኢትዮጵያውያን ስም ያለበት ወረቀት ጀማዓው ሳይሰማው አይወጣም። ከዐስር ሶላት በኋላ ሱቃቸው ጀርባ ተሰበሰቡ።

«ና አልልህም፣ ወንድሜ። መንገዱን ታውቀዋለህ» አሉኝ በስልክ፣ እየሳቁ። አውቀዋለሁ። ክርስቲያን የሆነ ሰው ከመካ በር ወዲህ ይመለሳል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በሩ የተዘጋ ስብሰባ ሲያጋጥመኝ ደጁ ላይ ቆሜ ጠብቄአለሁ፤ የሚወጣ ሰው ፊት አይቼ ውጤቱን እገምት ነበር። እዚህ ደጁም የለኝም። ስልኬን እያየሁ ነዝላ ሰፈር ክፍሌ ውስጥ ተቀመጥኩ። ኤሲው ባልዲ ላይ ያንጠባጥባል። ማንም አልደወለም።

እሑድ

ጥያቄው አምስት ሆኖ ተመለሰ።

አንደኛ፣ የልጆች ትምህርት ቤት። ሁለተኛ፣ ፓስፖርት ለማሳደስ የሚወስደው ጊዜ። ሦስተኛ፣ የሐጅ ተጓዦች ድንኳን። አራተኛ፣ አስከሬን ወደ አገር ስለመላክ። አምስተኛ፣ የከድጃ።

ሁሉም እውነተኛ ጉዳይ ነው። የአራተኛው ባለቤት ወንድሙ ሞቶበት ሬሳውን ለመላክ ስንት በር እንዳንኳኳ አውቃለሁ። ሆኖም መጋዘኑ ደጅ ወጥቼ ሐጂ ኑር ዘንድ ደወልኩ።

«ሐጂ፣ አቶ ይመር ያላቸው ሦስት ደቂቃ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አምስት ጥያቄ በሦስት ደቂቃ ከተነበበ ሚኒስትሩ የሚወደውን መርጦ ይመልሳል። የቀረውን ጠቅልሎ ያልፋል።»

«ወንድሜ፣ ሰው ጉዳዩን ይዞ ቤቴ መጥቶ፣ የአንዱን አንሥቼ የሌላውን ብጥል ነገ በየትኛው ፊቴ ሱቄን እከፍታለሁ?»

ቅደም ተከተሉስ በምን ወጣ ስላቸው፣ ባቀረበው ሰው ዕድሜ ነው አሉ። ትምህርት ቤቱን ያነሡት የሁሉም ታላቅ ናቸው። የከድጃን ያቀረበችው ሐዋ በስልክ ነበረች፤ ከሁሉም ታናሽ ናት።

ቀጥዬ ያደረግኩትን መጻፍ አለብኝ። አምስቱን ተቀብዬ አሳመርኳቸው። ቃላት ቆረጥኩ፣ ቁጥር ሰጠሁ፣ «የተከበሩ አፈ ጉባኤ» ብዬ ከፈትኩ። አንድ ገጽ የማያልፍ ንጹሕ ጽሑፍ ወጣው። ሐጂ ኑር «ማሻአላህ፣ ብዕርህ አልዛገም» ብለው መልእክት ላኩልኝ። ደስ አለኝ። ከድጃ አምስተኛ ሆና እያለች ደስ አለኝ።

ሰኞ

ከድጃ በተዋሰችው ስልክ ለሐዋ ደወለች፤ ሁለት ደቂቃ ብቻ። ሐዋ በኋላ ነገረችኝ። ስንተኛ ነኝ ብላ ጠየቀች። አምስተኛ ስትላት ሳቀች አሉ። «ደግ ነው። እዚህ ለዳቦ ስሰለፍ አርባኛ ነኝ።»

እግሯ አብጧል። ጫማ አይገባላትም። በጎኗ መተኛት አቅቷታል፤ ቦታው ጠባብ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ የአቶ ይመርን ቁጥር አወጣሁ። «አምስተኛውን መጀመሪያ ያንብቡት» ማለት ብቻ ነው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ግን ሐጂ ኑርን ዘልሎ ዘመዳቸው ጋ መደወል ነውር ነው፤ ከዚያ በኋላ የመካ ሰው ለሐዋም ሆነ ለሌላ ሰው ጉዳይ ስልክ አያነሣልኝም። እንዲህ ብዬ አሳመንኩት ራሴን። ፈርቼ እንደሆነም አላውቅም። ስልኩን ኪሴ ከተትኩ።

ማክሰኞ

ስልኬን የዘይት ማጣሪያ ካርቶን ላይ አስደግፌ ስብሰባውን በቀጥታ አየሁ። ኃላፊያችን የመናዊው አቡ ሳልም የማን ኳስ ነው አለኝ። በቋንቋው መጅሊስ፣ ምክር ቤት፣ ነው ስለው ፊቱን አጨፍግጎ ሄደ።

አቶ ይመር ጥሩ አነበቡ፤ ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም። ትምህርት ቤቱን ሰፋ አድርገው አስረዱ። ፓስፖርት። ድንኳን። አስከሬን ላይ ሲደርሱ አፈ ጉባኤው ሰዓት አስታወሱ። አቶ ይመር ወደ ወረቀቱ ግርጌ ዘለሉ፣ ቸኮሉ፣ «ወደ አገር የሚመለሱ ዜጎችን፣ ነፍሰ ጡር እናቶችንም በተመለከተ ማብራሪያ ቢሰጥ» ብለው ተቀመጡ።

«መቼ» የሚለው ቃል አልተነበበም።

ሚኒስትሩ ስለ ትምህርት ቤቱ ብዙ ተናገሩ። ተጠንቷል፣ ቦታ ይፈለጋል፣ በቀጣዩ በጀት ይታያል። ተጨበጨበ። በመጨረሻ መነጽራቸውን አውልቀው «የዜጎቻችን ክብር ለድርድር አይቀርብም፤ መመለሱ በቅደም ተከተል ቀጥሏል» አሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር አውቀዋለሁ። በሌሎች ሚኒስትሮች አፍ ሲነገር በገዛ እጄ የፊት ገጽ ላይ አውጥቼዋለሁ፤ ያኔ ዜና ይመስለኝ ነበር።

ሐዋ ከወጥ ቤት ደወለች። ከጀርባዋ የማዳሟ ድምፅ ይሰማል።

«አነሡት?»

«ጫፉን።»

«ቀን ተናገሩ?»

«አልተናገሩም።»

«ኸላስ፣ በቃ» አለችና ዘጋች።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ያለወትሮዬ ተሳሳትኩ። የፍሬን ሸራን በመሪ ዘይት ቦታ መዘገብኩ። አቡ ሳልም አላስቀየመኝም፤ ብቻ ወረቀቱን መለሰልኝ።

ሐጂ ኑር ከሰዓት ደወሉ። ለወትሮው ከሰላምታቸው ለመውጣት ብዙ ይቆያሉ፤ የቤተሰብ፣ የጤና፣ የሥራ። ዛሬ አልጠየቁም።

«ከጧት ጀምሮ ሰው እየገባ ስለ ትምህርት ቤቱ እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል» አሉ። «ወላሂ አፈርኩ። ከድጃን የማውቃት ከሕፃንነቷ ነው።»

እኔም ጥፋተኛ ነኝ አልኳቸው። ማሳመር እንጂ መከራከር አልቻልኩም፤ ሰኞም ደውዬ ማስቀየር እችል ነበር። አልተቃወሙም፣ አላጽናኑኝምም። ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ።

ምን ቀረ አሉኝ። አንድ ነገር ቀርቷል። ነገ የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ የሚኒስቴሩን ኃላፊዎች ጠርቶ የበጀት አፈጻጸማቸውን ይጠይቃል። አቶ ይመር አባል ናቸው። ካሜራ የለም፤ ስለዚህ ንግግርም የለም። እዚያ አንድ ጥያቄ ከነስሙ ቢቀርብ ኃላፊው ጠቅልሎ ማለፍ ይከብደዋል። ስም ግን አደጋ አለው። አንዳንዱ ባለሥልጣን ስሙ የተነሣበትን ሰው ወደፊት ያመጣዋል፤ ሌላው ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሁለቱንም አይቻለሁ። የስሙ ባለቤት ካልፈቀደች አልጽፍም አልኩ።

«ከፈቀደች?»

«ከአራቱ ጋር ሳትደባለቅ ብቻዋን መሄድ አለባት።»

ጨርቅ የሚቀድ መቀስ ድምፅ በስልኩ ይሰማኛል። መቀሱ ቆመ።

«ብቻዋን ትሂድ» አሉ። «የአራቱ ይቆይ። ለሰዎቹ እኔ እነግራለሁ፤ በየቤታቸው ሄጄ።»

ከመግሪብ በኋላ በየቤቱ ሲዞሩ አብሬያቸው ብሆን ምንኛ በወደድኩ። የአስከሬኑን ሰው ቤት እንዴት እንደሚገቡበት አላውቅም።

ሐሙስ

ከድጃ የላከችው መልስ በሐዋ በኩል ደረሰኝ፦ «ይጻፉት። እኔ መሄድ ካቃተኝ ስሜ ይሂድ እንጂ።»

ከሥራ በፊት ጻፍኩት። ሁለት መስመር ነው። «ከድጃ እንድሪስ፣ ወረቀቷ ያለቀ፣ ስምንተኛ ወሯን የያዘች። ትኬቷ ከጸደቀው በጀት የሚቆረጠው በየትኛው ቀን ነው?» አላሳመርኩትም። ለሐጂ ኑር በስልክ ላክኩላቸው፤ እንደቆሙ አንብበው ራሳቸው ለአቶ ይመር ላኩት።

አቶ ይመር የደወሉት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው። ድክም ብሏቸዋል። ጥያቄውን ሲያነቡ ኃላፊው «በቅደም ተከተል» ብሎ ጀመረ። አቶ ይመር አላቋረጡትም። ሲጨርስ ያንኑ ሁለት መስመር እንደገና አነበቡ። ስለ አጠቃላይ አሠራሩ አብራራላቸው። ሦስተኛ ጊዜ አነበቡ። ሰብሳቢው ጉሮሮአቸውን ጠራረጉ። ሌላ አንድ አባል ይህ የግለሰብ ጉዳይ አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አቶ ይመርም፣ አዎ፣ አንድ ግለሰብ ናት፣ ሆዷ ውስጥ ያለውን ስንጨምር ሁለት ናቸው አሉ።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያማ ኃላፊው የአባቷን ስም ድገሙልኝ አለና ጻፈ።»

ቀን አልሰጠም። «ይጣራል» ብሏል። በጋዜጣ ዘመኔ ቢሆን ይህ ዜና አይሆንም ነበር።

ዓርብ

ሐዋ ቀድማ መጣች። ኦብሑር ያለው ቤት እንግዳ ስላለበት ቶሎ መመለስ አለባት። የሳምንቱ የበረራ ዝርዝር ትናንት ማታ ወጥቷል፤ ከድጃ የለችበትም። የሚቀጥለው በረራ ከስምንት ቀን በኋላ ነው ይባላል። በእሷ አቆጣጠር ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ይተርፋታል፤ ያውም ወሩን ያሰላው ሰው ካልተሳሳተ።

የአቶ ይመርን ነገር በዝርዝር ነገርኳት። ሦስት ጊዜ ማንበባቸውን፣ የአባቷ ስም መጠየቁን። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። አዳምጣ ስታበቃ «ይህ መልስ ነው?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። ልዋሻት አልቻልኩም፤ ደግሞም ታውቃለች።

ልትወጣ ስትል ስልኳ ጠራ። የማታውቀው ቁጥር። ማዳሟ መስላት እየፈራች አነሣችው። ቆማ ሰማች፤ «አቤት» እና «እሺ» ብቻ ትላለች። ከዘጋች በኋላ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

የመመለሻ ወረቀቱ ሲሠራ ሐዋ ቁጥሯን ከሰጠችበት ቆንስላ፣ የጉዞ ጉዳይ ከሚይዘው ክፍል ነው። የከድጃን ወር የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ፈልገዋል፤ እስከ እሑድ። እስካሁን ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ከተርሂሉ ውስጥ የሐኪም ወረቀት የሚያወጣላት ማን እንደሆነ አናውቅም። ሐጂ ኑር አንድ የሚያውቁት ነርስ አለ፤ ደውዬላቸው እያፈላለጉ ነው። እሑድ ሩቅ አይደለም።

«ምን ብለው ጀመሩ?» አልኳት። የድሮ ልማዴ ነው፤ የመጀመሪያውን ቃል እጠይቃለሁ።

ሐዋ ሻርፗን እያስተካከለች አሰበች።

«የከድጃ እንድሪስ እህት ነሽ ወይ፣ አሉኝ።»