ሳነብልዎ የዘለልኳቸው ቃላት

ውድ ክርስትና እናቴ፣ እማማ አምለሰት፤

ደብዳቤ «እኔ ደህና ነኝ» ተብሎ እንደሚጀመር አውቃለሁ። ከእንግዲህ ያልሆነውን ላልጽፍ ምያለሁና ይህቺን ትቻታለሁ። ደህና አይደለሁም። ቤትዎን ዘግተው ሰከላ ልጅዎ ዘንድ ከገቡ ሦስት ወር ሆነዎ፤ እኔም ሦስት ወር ሙሉ በቁሟ የምታልም ሴት ሆኛለሁ። ነሐሴ አይደል፣ ፍኖተ ሰላም ጠዋት ጠዋት በጭጋግ ትዋጣለች። ጭጋጉ ከላህ ወንዝ ተነሥቶ፣ በማንጎ ዛፎቹ መካከል ሾልኮ በርዎ ድረስ ይመጣና የሚቀመጡባትን መደብ ይሸፍናታል። ሱቄን ልከፍት ሳልፍ እዚያ ውስጥ የተቀመጡ እየመሰለኝ ስንቴ «እንዴት አደሩ እማማ» ብያለሁ! ከዚያ ሰው ሰማኝ ይሆን ብዬ ግራ ቀኝ አያለሁ። በኔ ቤት አላበድኩም።

ስልክ እዚያ ስለማይገባ ይህን የሚያነቡልዎ አማችዎ ቄስ ወልደ ዮሐንስ እንደሚሆኑ አውቃለሁ። ቄስ፣ እባክዎ አንድ ልመና አለኝ። ወደ ታች ሲወርዱ ደስ የማይል ነገር ያገኛሉ። «አማቴ ይከፋቸዋል» ብለው አንዲት ቃል እንኳ እንዳይዘሉ። እኔ አንድ ቀን ዘልዬባቸው ነው ጉዱ ሁሉ የመጣው።

እማማ፣ ስድስት ዓመቴ ላይ ከማንጎ ዛፍ ወድቄ ትከሻዬ የወለቀ ዕለት ትዝ ይልዎታል? ጩኸቴ ደምበጫ ድረስ ይሰማ ነበር አሉ። አንቱ ክንዴን ቀስ አድርገው ያዙና «እስቲ ያችን ቀይ ወፍ እያት፣ ከላይኛው ቅርንጫፍ» አሉኝ። አንገቴን አስግጌ ወፏን ስፈልግ ቋ! አለ፤ ትከሻዬ ቤቱ ገባ። ወፏን እስከ ዛሬ አላየኋትም። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ሰው ወፍ ሲያሳዩ አየሁ፤ ባለጋሪውን፣ ዲያቆኑን፣ ኳስ ሲጫወት ክርኑ የወለቀውን ተማሪ። እኔም «የኔ ክርስትና እናት ወጌሻ ናቸው» እያልኩ ስኮራ አደግኩ።

ከጥቂት ዓመት ወዲህ ግን ሰው ጠፋ። ከተማዋ ሰፋች፤ አዲስ የመጣው አንቱን አያውቅም። እግሩ ሲወለም ስልኩን አውጥቶ ይፈልጋል እንጂ ጎረቤት አይጠይቅም። አንቱ መደብዎ ላይ ተቀምጠው እጅዎን ቅቤ እየቀቡ ወደ ቡሬ የሚወስደውን መንገድ ያያሉ። አንድ ቀን ሳልፍ «ፍሬ፣ ዛሬም ሰው የለ። እጄ ሥራውን ሊረሳ ነው መሰለኝ» አሉኝ። ኮምፒውተር ቤት ከፍቼ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ የምውል ልጅ፣ ለክርስትና እናቴ አንድ ድረ ገጽ መሥራት ያቅተኛል? ብዬ ተነሣሁ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ስድስት መስመር ነበር፤ ስድስቱም እውነት። ማንም አላየው። ከዚያ በስልኬ አንድ ሥልጠና ተከታተልኩ። አሠልጣኙ «ቁልፍ ቃል» የሚባል ነገር አስተማረን። ሰው ሲቸግረው ስልኩ ላይ የሚጽፋትን ቃል አስበን ገጻችን ላይ እናስቀምጣለን፤ ፈላጊው ቃሏን ሲጽፍ ገጻችን ይመጣለታል። «በልክ ይሁን፤ የሌላችሁንም አትጻፉ» ብሎም ነበር። እሷን ሰምቼ እንዳልሰማሁ አለፍኳት። «ወጌሻ በፍኖተ ሰላም፣ ወጌሻ በቡሬ፣ ወጌሻ በደምበጫ፣ ምርጥ ወጌሻ» እያልኩ «ወጌሻ»ን በአንድ ገጽ ላይ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጻፍኳት። ሰው ቢያነበው ንክ የጻፈው ይመስለዋል። እሱም አልበቃኝ ብሎ ሰዉ በየቀኑ ምን እንደሚፈልግ አየሁ። በየስልኩ የሚፈለገው ለካ የበሽታ መድኃኒት ነው። የበሽታዎቹን ስም ለቀምኩና ከገጹ ግርጌ፣ ዓይን በማይዛቸው ደቃቃ ደብዛዛ ፊደላት ደረደርኳቸው። ሰው ባያያቸው መፈለጊያው ማሽን ያያቸዋል ብዬ ነዋ!

ያነበብኩልዎ ባለፈው መስከረም ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። ዝናቡ አባርቶ ከማንጎው ቅጠል ጠብታ ይወርዳል፤ አገሩ ሁሉ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ ያፈዛል። «ስለ እኔ የተጻፈ ነው?» አሉና ነጠላዎን አስተካክለው ከመደቡ ተነሡ። ወንጌል ሲነበብ እንደሚቆሙት ቆሙ። እማማ፣ ያ መቆምዎ እስከ ዛሬ ይወጋኛል። ስድስቱን መስመር አነበብኩ። ግርጌው ላይ ስደርስ ዘለልኩት።

«ይኸው ነው?» አሉኝ።

«ይኸው ነው።»

«የማላውቀውን አውቃለሁ አላልሽብኝም?»

«ኧረ በማርያም! ምን ብዬ!»

«እሰይ። የጻፈ እጅሽ ይባረክ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

በማርያም ስም ነው የዋሸሁት። ይህን ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ፤ ለአንቱ ግን መናገሬ ዛሬ ገና ነው።

ሰዎቹ መምጣት ጀመሩ። የቡሬ ባለባጃጅ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ መጣ፤ የደምበጫ አስተማሪ የእጅ አንጓዋን ይዛ መጣች። ወፏን አሳይተው ላኳቸው። ፊትዎ እንዴት ወዝ ነበረው! እኔም ሱቄ ቁጭ ብዬ ገጹን ያየውን ሰው ብዛት ስመለከት ጮቤ እረግጥ ነበር። ቀጥላ ግን ራሷን የሚያማት ሴት መጣች። ዓይኑ የደከመ ገበሬ በልጁ እየተመራ መጣ። «ማነው ወጌሻ ዓይን ያክማል ያላችሁ?» ሲሏቸው «ኧረ ተጽፏል!» ይላሉ። በኛ አገር ደግሞ ተጽፏል ከተባለ አለቀ። ሰዉ ሲነበብለት ያደገው ዳዊቱና ወንጌሉ ነው፤ የተጻፈ ነገር ይዋሻል ብሎ አይጠረጥርም። አንቱም «ዘንድሮ ሰዉን ምን ነካው?» እያሉ አጽናንተው ይሸኙ ነበር። እኔ ግን ቃላቱን አላነሣኋቸውም።

ያ ሕልም የጀመረኝ ያን ሰሞን ነው። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲያፈዘኝ ጠረጴዛዬ ላይ ሸለብ ያደርገኛል። የጻፍኳቸው ቃላት እግር አውጥተው በቡሬ መንገድ ሲመጡ አያለሁ። ጋቢ ለብሰው፣ ዱላ ይዘው፣ ከጭጋግ ውስጥ አንድ በአንድ ይወጣሉ። አይቸኩሉም። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ሱቄ ደጃፍ ሲደርሱ ሁሉም በአንድ ድምፅ «የእማማ አምለሰት ቤት በየት በኩል ነው?» ይሉኛል፤ እኔም በጣቴ አሳያቸዋለሁ። ስነቃ ፎቶ ኮፒ የፈለገ ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ይስቅብኛል።

ግንቦት ላይ ማርያማዊት መጣች። አባቷ አያ ስመኘው ከመራዊ ገጠር አውቶቡስ ሲቀያይር አድሮ፣ ከመናኸሪያው እስከ በርዎ በጀርባው አዝሏት ደረሰ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከተወለደች ጀምሮ በእግሯ ቆማ አታውቅም። ምሳ ላደርስልዎ መጥቼ እዚያው ነበርኩ። ጉልበቷን በሁለት እጅዎ ይዘው ረጅም ሰዓት ተቀመጡ። ከዛፉ ላይ ንብ ይሰማል። ወፍ አላሳዩዋትም። ያኔ ገባኝ። በመጨረሻ ዓይን ዓይኗን እያዩ «ልጄ፣ ስብራት ቢሆን እጠግነው ነበር፤ ውልቃት ቢሆን እመልሰው ነበር። ይህ ከእጄ በላይ ነው። አልችልም» አሏት።

አያ ስመኘው ስልኩን ከጉያው አወጣ። «ተጽፏል እኮ እናቴ! ይኸውና!»

ከግርጌ የደበቅኳት ቃል ለሚፈልጋት ሰው ስልኩ ላይ ፊት ለፊት እንደምትወጣለት አስቤ አላውቅም ነበር። አንቱ ስልኩን ተቀብለው ወደ እኔ ዘረጉት። «ፍሬ፣ አንብቢው እስቲ።»

ተቀብዬ ወደ መሬት አየሁ። አያ ስመኘው ከእጄ ወሰደና ጣቱን እያስኬደ፣ እንደ ፊደል ተማሪ፣ «መራመድ… ላልቻሉ» ብሎ አነበበ። አንቱ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እንግዶችዎን አብልተው፣ ባጃጅ ጠርተው ሸኙ። በሳምንቱ በሩ ተዘጋ። «በስሜ ሰው ተታለለ፤ ከእንግዲህ የሰው አካል አልነካም» ብለው እንደሄዱ የሰማሁት ከጎረቤት ነው።

አያ ስመኘው ያነበባት አንዲቷን ብቻ ነበር። ሌሎቹን እስከ ዛሬ አልሰሟቸውም። ቄስ፣ እዚህ ጋ ቀስ ይበሉ። ያን ቀን የዘለልኳቸው ቃላት እነዚህ ናቸው። ራስ ምታት። የዓይን ሕመም። የሚጥል በሽታ። ስኳር። መካንነት። ካንሰር። መራመድ ላልቻሉ። ሰባት ናቸው። በአንቱ ስም ሥር የጻፍኳቸው እኔ ነኝ፤ አንቱ የሚያውቁት ነገር የለም። አጥፍቻለሁ እማማ፤ ስለ ልጅነቴ ይቅር ይበሉኝ።

ገጹን እነ ማርያማዊት የመጡ ዕለት አጠፋሁት። እሱ ግን ለአያ ስመኘው ምን ይሠራለታል? የዛሬ ሁለት ሳምንት በቡሬ፣ በእንጅባራ አድርጌ መራዊ ሄድኩ። ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁ በአውቶቡሱ መስኮት ሳይ መንገዱ ሁሉ ያ ሕልሜ ሆነብኝ፤ አሁን ግን የምመጣው እኔ ነኝ፣ «የእነ ስመኘው ቤት በየት በኩል ነው?» የምለውም እኔ ነኝ። በቆሎው ከቁመቴ በላይ በቅሎ ቤቱን ውጦታል። አያ ስመኘው ሲያየኝ አካፋውን አንሥቶ ወደ ማሳው ገባ፤ እስክመለስም ብቅ አላለም። እውነቱን ነው።

ማርያማዊት ደጃፉ ላይ ቁርበት ተነጥፎላት ምስር ትለቅማለች። «አንቺ ነሽ ያን ሁሉ የጻፍሽው? እጅሽ አይደክመውም?» ብላ ሳቀችብኝ። ማልቀስ ስጀምር ደግሞ ተቆጣችኝ።

«ስሚ» አለችኝ፤ «ከሕፃንነቴ ጀምሮ አባቴ ያላዞረኝ ቦታ የለም። የሄድንበት ሁሉ ትድኛለሽ ይለኛል። አልችልም ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። አባቴ ያን ዕለት መንገዱን ሙሉ ሲያለቅስ መጣ። ከዚያ ወዲህ ግን ተሸክሞኝ አልዞረም። ለመስከረም ትምህርት ቤት ሊያስመዘግበኝ ነው፤ በጋሪ ያደርሰኛል።»

ልሄድ ስነሣ፣ እንዲያው ሥራዬ ሆኖብኝ፣ «እማማ አምለሰትን በስልክ ብትፈልጊያቸው ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ?» አልኳት። ምስሩን ትታ ወደ በቆሎው አየች።

«አልችልም የሚል ሰው» አለችኝ። «እሱ ነው የጠፋው።»

ይህንን የትኛውም ሥልጠና አልነገረኝም። እኔ ስንት ሰው እንደሚመጣ ብቻ ስቆጥር ኖሬአለሁ፤ የመጣው ሰው ደጃፍዎ ሲደርስ ምን እንደሚያገኝ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ባለጋሪ ትከሻው ወልቆ መጣና በሩን ዝግ አገኘው። ክንዱን አቅፎ መደብዎ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ባጃጅ ይዤ ሆስፒታል ወሰድኩት፣ ተመስገን መለሱለት። በመንገድ ላይ ግን «ወፍ የሚያሳዩት ሴትዮ ሞቱ እንዴ?» አለኝ። «ኧረ አሉ!» ብዬ ስጮህ ባለባጃጁ ደንግጦ ፍሬን ያዘ።

አዲስ ገጽ ጽፌአለሁ። ገና አላወጣሁትም። «ወጌሻ» አንድ ጊዜ፣ «ፍኖተ ሰላም» አንድ ጊዜ አለበት፤ ይበቃል። ግርጌው ባዶ ነው። እንደ ድሮው ብዙ ሰው አያየው ይሆናል። ያየው ሰው ግን ደጅዎ ደርሶ አያፍርም፤ አንቱንም አያሳፍርም። ከፊርማዬ ሥር ገልብጬዋለሁ። ቄስ ማንበብ ከመጀመራቸው በፊት ልብዎን ይጠይቁልኝ። ተቀምጠው ከሰሙት ገጹን እቀደዋለሁ፤ በአንቱ ስም ዳግመኛ አንዲት ፊደል አልጽፍም፤ ልጅነቴን ብቻ አይንሱኝ። እንደዚያ መስከረም ከቆሙ ግን ቄስ በመጀመሪያው መንገደኛ «ቆመዋል» ብለው ይላኩብኝ። መደብዎን ጠርጌ እጠብቅዎታለሁ።

ጉልበትዎን እስማለሁ።

የክርስትና ልጅዎ ፍሬሕይወት
ፍኖተ ሰላም፣ ነሐሴ ፲፪ ቀን

«ወይዘሮ አምለሰት በፍኖተ ሰላም ወጌሻ ናቸው። ወለምታ ያሻሉ። የወለቀ ትከሻ፣ ክርንና ጣት ወደ ቦታው ይመልሳሉ። ቆዳው ከተቀደደ ወይም አጥንቱ ከታየ እሳቸው ዘንድ አትምጡ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ። ሌላ በሽታ አያክሙም። የማይችሉት ሲመጣ ዓይናችሁን እያዩ አልችልም ይላሉ።»