ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ ስላስታረቁት አጎቴ

ለክቡር አጎቴ፣
የቤተሰባችን የሽምግልናና የዕቃ ግዢ የዕድሜ ልክ ሰብሳቢ፣
ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር ያለው ሶፋ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ወገብዎ፣ ጉልበትዎና ተሳስቶ የማያውቀው አስተያየትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ የእህትዎ ልጅ፣ ፈተናዬን በማለፌ ቃል የተገባልኝ የጌም ኮምፒውተር ከደረሰኝ ቀን ጀምሮ ከመብሰልሰል በቀር ደህና ነኝ። ቅሬታዬን በቁጥር ማቅረቤ ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ ነገር በተራ ሲሆን እንደሚወዱ ስለማውቅ ነው።

1. ሁለት ሳምንት አንብቤ፣ ካርዱና ፕሮሰሰሩ እኩል እንዲራመዱ አድርጌ የጻፍኩትን ወረቀት «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብለው ለመነጽርዎ መጥረጊያ ስላዋሉት አመሰግናለሁ። ሱቁ ውስጥም ሻጩ ሁለቱም ጠንካራ ይሁኑ ሲል፣ ስንት ባልና ሚስት ያስማሙበትን ጥበብ አውጥተው «በአንድ ቤት ሁለት ጉልበተኛ አይስማማም፤ ካርዱ ከበረታ ፕሮሰሰሩ ዝቅ ይበል» ብለው ፈረዱ። ሻጩ እስካሁን አፉን አልገጠመም።

2. ካርዱ ሥዕሉን የሚስል፣ ፕሮሰሰሩ ደግሞ ምን እንደሚሳል የሚነግረው ነው። እርስዎ ሦስት ማራገቢያ ያለው፣ ክንድ የሚያህል ሠዓሊ ቀጥረው እንቅልፋም አለቃ ሾሙበት። ጠላት አይቼ እስክተኩስ ድረስ ተገድዬ፣ ተለቅሶልኝ፣ እንባው ደርቋል። ይህንን ሳመለክት «ታገሺው ልጄ፣ ይለምዳል» አሉኝ።

3. ቅዳሜ ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ውድድር አለብን። ካፒቴኗ እኔ ነኝ። ቡድኔ ኮምፒውተሬ እስከዚያ ካልነቃ ቦታዬን ለታናሽ ወንድሜ እንደሚሰጥ ወስኗል፤ ማውዝ በሁለት እጁ ለሚይዘው ለዚያው ወንድሜ። በዚህ ላይ አልቀልድም።

4. ይህ ቅሬታ አይደለም፣ እንዲያው ተራውን ላሟላ ብዬ ነው። ሻጩ በዚያው ቀን ለገዙት ለእርስዎ ኮምፒውተርም ያንኑ ዓይነት ማዘርቦርድ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ ሰጥቶ፣ «ትልቅ ሰው በትንሽ አይቀመጥም» ስላሉት በሱቁ ያለውን ኃይለኛ ፕሮሰሰር ገጠመልዎ። ሥራውም የካርታ ጨዋታ ማጫወትና ዘመድ የሚልከውን «እንደምን አደራችሁ» የሚል የአበባ ፎቶ መክፈት ነው።

ካርዱ እንዳይቧጨር ከፋብሪካ የተለጠፈበት ላስቲክ እንዳይላጥ ስለሰጡት ጥብቅ መመሪያም ሳላመሰግን አላልፍም። ሲግል ሽታው ሳሎን ድረስ ሲመጣ «አዲስ ዕቃ እንዲህ ነው» ብለው አረጋግተውናል።

ፍርድዎን ለመከለስ ፈቃድዎ ይሆን ዘንድ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እየለመንኩ፣ ዕድሜዎን ከካርዱ ዋስትና ይልቅ ያርዝምልን እላለሁ።

ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣
ያቦካችው ለእራት ያልበቃላት የእህትዎ ልጅ

ግልባጭ፦
ለእናቴ
ለመላው የቤተሰብ ግሩፕ

ይድረስ ከተባለ በኋላ የተጨመረ፦ ይህ ደብዳቤ ተጽፎ ሳይለጠፍ፣ ሐሙስ ከሰዓት እርስዎ ጎረቤት ሊያስታርቁ በወጡበት፣ ባለቤትዎ የእጅ ባትሪ ይዘውልኝ የእኔንና የእርስዎን ፕሮሰሰሮች በእርቅ አለዋውጠናቸዋል። ላስቲኩንም ልጠነዋል። የእኔው ጌም አሁን እንደ ውኃ ይፈስሳል። እርስዎም ትናንት ማታ ካርታዎን ሲጫወቱ ቤተሰቡን ሁሉ ጠርተው «አያችሁ፣ ጥሩ ዕቃ እያደር ይፈጥናል» ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነትዎን ነው አጎቴ፤ ለምዷል።