ስለ እናቴ እግርና «ይታሰራል» ስለሚባለው ቃል

ይጁቤ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ የአጥንት ሕክምና ማዕከሉ ኃላፊ፣

 ባለፈው ሐሙስ ከእናቴ ከሸሪፋ አጠገብ ቆሜ የነበርሁት ልጅ እኔ ነኝ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ከወንበርዎ ሲነሡ ስላላየሁ የእግርዎን ደኅንነት መገመት አልቻልሁም፤ ፈጣሪ ይጠብቅልዎ።

1ኛ. ከእርስዎ በፊት ያየችን ሐኪም ሕሊና እናቴን አቁማ፣ አስቀምጣ፣ በእግር ጣቶቿ ጫፍ አቁማ ግማሽ ሰዓት አደከመችን። የጠፍጣፋ እግሯ መርገጫ ስትቆም መሬት ላይ ቢለጠፍም ስትቀመጥ ጎድጎድ ስለሚል፣ መገጣጠሚያው ገና እንዳልደረቀ አሳየችን። እንዲህ ላለው እግር የተረከዙን አጥንት ቆርጦ ወደ ውስጥ ማስጠጋትና ጅማት ማዛወር እንደሚበቃ፣ መገጣጠሚያን ማጣበቅ ግን ይበልጡን ለደረቀና ለተበላ እግር እንደሆነ፣ ሁለቱም ለወራት ምርኩዝ እንደሚያስይዙ ነገረችን። እርስዎ ይህን ሁሉ ሐተታ በሁለት ደቂቃ ስላሳጠሩልን እናመሰግናለን።

2ኛ. «መገጣጠሚያው ይታሰራል» ብለው በአማርኛ ስላስረዱን ውለታዎ አይረሳም። እኛ ዘንድ የሚያስር ወጌሻ ነው፤ ያሰረውንም ራሱ ይፈታዋል። እናቴም «ታስሮ ከተፈታማ ምን ከፋኝ፣ ልጄ» ብላ አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነክራ ፈረመች። በብሎን የታሰረ መገጣጠሚያ ተጣብቆ እንደሚቀርና እንደማይፈታ የነገረን፣ የፈረመችበትን የእንግሊዝኛ ወረቀት ቅጂ ያነበበልን የይጁቤው መድኃኒት ሻጭ ኻሊድ ነው። እስረኛ እንኳ የሚፈታበት ቀን ይነገረዋል።

3ኛ. በሶላት እግሯን አጥፋ እንደምትቀመጥ፣ ገበያ የምትወርድበትም መንገድ ድንጋያማ እንደሆነ አልጠየቋትም። ብትጠየቅ ትመልስ ነበርና ወረፋው ይረዝም ነበር።

4ኛው የእኔ ነው። እናቴ ስትፈርም ሐኪም ሕሊና «ጠይቂላት» እንደማለት ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔ አቀረቀርሁ። ይህን በእርስዎ ላይ አልጽፍም።

ከሁለት ደቂቃ በላይ ስላቆየሁዎ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ብሎኖችዎ የማይዝጉ፣ ወረቀቶችዎ የማይጠየቁ እንዲሆኑልዎ በታላቅ አክብሮት እመኛለሁ።

ሰልሰቢል ሙሐመድሳኒ
ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥሁ

ግልባጭ፦ ከበርዎ ውጭ ወረፋ ለሚጠብቁ ሁሉ

ተጨማሪ፦ ቀዶ ሕክምናው ረቡዕ ነው ብለውናል። ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እናቴን ይዤ እመጣለሁ፤ ጣቷ ያረፈበት ወረቀት እስኪሰረዝም ከበርዎ አልሄድም። እስከዚያው፣ የሚገቡትን ሁሉ ከመፈረማቸው በፊት ምን እንደሚታሰርባቸው እንዲጠይቁ አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ።