የእትዬ አሰጋሽ ፎቶ

ለምወድህ ወንድሜ ለቢያድግልኝ፤

እንደምን ባጀህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለፈው ያመመህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ሳባስ፣ ትንሿ ኪዳነ ምሕረትስ ደኅና ናቸው? የዱባይ ሙቀት በዚህ ወር ይበርዳል ብለህ ነግረኸኝ ስለነበር እናንተ እንኳ ቀለል ብሏችሁ እንደምትውሉ እገምታለሁ። እኔ እህትህ ምሥራቅ፣ ባለቤቴ ያለው፣ ልጆቹም፣ ቢቸና ያለችው እናታችንም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ በሥጋ ደኅና ነን። በሥጋ ያልኩት አውቄ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ እዚያው ዱባይ የሚሠራው ባንተአምላክ ነው፤ ዘመድ ጠይቆ ወደ ሥራው ሲመለስ ያዝልኝ ብዬው ነው። ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትል ይሆናል። ከጥር ወዲህ ስትደውል ያላነሣሁት ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። ካነሣሁት አለቅሳለሁ፤ ካለቀስኩ ደግሞ ታባብለኛለህ፤ ተባብዬ ነገሩን እንዳልተውልህ ፈራሁ። ድምፄን ቀድቼ ብልክልህም ግማሹን ሰምተህ ትዘጋዋለህ። ወረቀት ግን እጅ ላይ ይቆያል። ስለዚህ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

እትዬ አሰጋሽ ማን እንደሆኑ ላንተ መንገር ያስፈልገኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አባታችን ሞቶ እናታችን ሁለታችንን ማስተማር ሲያቅታት፣ አንተን ከቢቸና ወደ ሞጣ ወስደው ያስገቡህ እሳቸው ናቸው። ዘመድ አይደሉም፤ የእናታችን የልጅነት ባልንጀራ ናቸው። ዘጠነኛና ዐሥረኛ ክፍልን የተማርከው እሳቸው ቤት ሆነህ ነው። ታይፎይድ ይዞህ የተኛህ ጊዜ ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ገበያ አልወጡም። እኔም ሞጣ አግብቼ ስመጣ የስፌት መኪናዬን የተከልኩት እሳቸው ሰው ለምነው ባገኙልኝ ክፍል ነው፤ ከቅቤ ተራው ፊት ለፊት። ሠላሳ ዓመት ቅቤ ሲሸጡ ሚዛንዎ ጎደለ፣ ቅቤዎ ሸተተ ያላቸው ሰው አልነበረም።

ወዳንተ ከመምጣቴ በፊት የራሴን ጥፋት ልናገር። ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ እትዬ አሰጋሽ ነጭ ሻሻቸውን አስረው፣ ቅሉ ላይ ጎንበስ ብለው ለጋ ቅቤ ሲያወጡ አምረው ታዩኝና በስልኬ አነሣኋቸው። ፌስቡክ ላይም «የሞጣ ቅቤ፣ ከእትዬ አሰጋሽ እጅ» ብዬ ለጠፍኩት። አላስፈቀድኳቸውም። ማን እንደሚያየው አልጠየቅኩም፤ አካውንቱን የከፈተልኝ ሰው ለሁሉም እንዲታይ አድርጎ ስለሰጠኝ እንደዚያው ተውኩት። ጎረቤቶቼና አንተ ብቻ የምታዩት መስሎኝ ነበር። አንተም እኮ ያኔ የልብ ምልክት አድርገህበት ነበር።

ለገና በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ ገጽ ያንን ፎቶ ወሰደው። ከጎኑ ሙዝና ቅቤ በባልዲ ሲቦካ የሚያሳይ ሌላ ፎቶ አስቀመጠና «ለበዓል ቅቤ ስትገዙ ተጠንቀቁ፤ ይቺ ሴት ሞጣ ገበያ ላይ ባዕድ ነገር የቀላቀለችበትን ቅቤ ስትሸጥ ተያዘች» ብሎ ጻፈበት። ሞጣ የሚለውን ያገኙት ከእኔው ጽሑፍ ነው። እስከዚህ ድረስ ከሩቅ የመጣ ወሬ ነበር፤ ብዙ ሰው አይቶ ያልፈው ነበር። አንተ አጋራኸው። ከላዩም «የሞጣ ሰው ሆይ፣ እንዲህ ያለችውን ከገበያ ማባረር ነው፤ ሕዝብ ይወቃት» ብለህ ጨመርክበት። ሠላሳ ሺህ ሰው የሚከተለው ገጽ ይዘህ፣ እዚሁ የተማርክ ልጅ ሆነህ።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። እትዬ አሰጋሽ ስልክ ስለሌላቸው ምንም አልሰሙም። ሁለት ቅል ሙሉ ይዘው እንደ ወትሯቸው ከቦታቸው ተቀመጡ። እስከ ረፋዱ አንድም ሰው ቅቤያቸውን አላሸተተም። የዘወትር ደንበኞቻቸው ፊታቸውን አዙረው ያልፋሉ። እሳቸውም ወደ እኔ ዞር ብለው «ምነው ዛሬ፣ ሰው ጾሙ አደከመው እንዴ?» ይሉኛል። እኔም ገና አላየሁትም፤ የበዓል ልብስ ለማድረስ ስጣደፍ ሁለት ቀን ሙሉ ስልኬን አልከፈትኩም።

ከዚያ ወይንእሸት መጣች፤ ከመናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ያላት ሴትዮ። ስድስት ሰባት ሰው ተከትሏታል። ስልኳን ከዓይናቸው ሥር ደግና «ይቺ አንቺ አይደለሽም?» አለቻቸው። እናታቸው የምትሆን ሴት እንዲህ ስትጠራ ከመካከላቸው የተቆጣ የለም። እትዬ አሰጋሽ ተጠግተው አዩና «እኔው ነኝ» አሉ። የተጠየቁት እሱን ነው፤ እውነቱን መለሱ። ይህን እንዳሉ አንዱ ቅሉን በእግሩ መታው፤ ሌላዋ ሁለተኛውን አንሥታ ዘቀዘቀችው። ጫጫታውን ሰምቼ ሮጬ ስደርስ፣ እትዬ አሰጋሽ ተንበርክከው ከአፈሩ ላይ ቅቤውን በእጃቸው ይሰበስባሉ። ቀና ብለው አዩኝና «ምሥራቅ፣ እኔ ስልክ የለኝ፤ ፊቴን ከየት አገኙት?» አሉኝ።

ከየት እንዳገኙት ፎቶውን ወይንእሸት ስልክ ላይ ገና ሳየው አውቄዋለሁ። ግን አልመለስኩላቸውም። ተንበርክኬ ቅቤውን አብሬ ሰበሰብኩ።

ያንተን ጽሑፍ ያየሁት ማታ ቤት ገብቼ ነው። ሰው ከወሬው ይልቅ አንተን ነው ያመነው። ሱቄ በር ላይ ቆመው ሲያወሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ «ቢያድግልኝ እኮ ቤቷ ነው የኖረ፤ እንጀራዋን የበላ ልጅ ሳያውቅ እንዲህ አይልም» ይባባሉ ነበር። ያጎረሰህ እጅ ማስረጃ ሆነባቸው። አንተ ባትኖርበት ኖሮ ያ ወሬ ሞጣ ላይ አያድርም ነበር።

የተረፈው ቅቤ በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ተወስዶ ተመረመረ። በዘጠነኛው ቀን ንጹሕ ነው የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት መጣ። ወረቀቱን ይዤ ቅቤ ተራውን ዞርኩት። ሁሉም «እንዲያ ከሆነ እሰየው» ይላሉ፤ የሚገዙት ግን ከሌላ ነው።

በዚያ ሰሞን መምህርት ይርጋለም ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ከአዲስ አበባ ተመድባ እዚህ ኮምፒውተር የምታስተምር ናት። ሳለቅስ አገኘችኝና ምክንያቱን ጠየቀችኝ። የባልዲውን ፎቶ ስልኳ ላይ ብትፈልገው፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከሌላ አገር የወጣ ሆኖ ተገኘ። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። አንተ አምስት ደቂቃ ስላጣህ የአንዲት ሴት ሠላሳ ዓመት ሄደ።

ያን ቀን ነው የደወልኩልህ። መጀመሪያ «የቷ አሰጋሽ?» አልከኝ። ስነግርህ «ፊቷን መች አየሁት፤ ጽሑፉን ነው ያየሁት» አልክ። ቀጥለህም «በቃ አጠፋዋለሁ» አልክ፤ ወዲያውኑ አጠፋኸው፤ ስለ ሥራህም ታወራኝ ጀመር። ዝም ብለህ በማጥፋትህ የመጣውን ልንገርህ። «ቤተሰቦቹ አስፈራርተው አስጠፉት» ተባለ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ካንተ ገጽ ላይ ጠፋ እንጂ ከሰው ስልክ ላይ አልጠፋም፤ ቀድመው ያስቀሩት ሰዎች እስከ ደጀን፣ እስከ ሮብ ገበያ አዳርሰውታል።

አንተ ዝም ስትል እኔ ለመናገር ቆረጥኩ። መጀመሪያ እትዬ አሰጋሽ ቤት ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ፎቶውን የለጠፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ወሬውን ያባዛው አንተ እንደሆንክ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። በኋላ «አንቺስ ወደሽኝ ነው። እሱን ግን ምን አድርጌው ነው?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ ወዳንተ አስተላልፌዋለሁ። እውነቱን ስጽፍ ፎቶዎን ላድርግ ወይ ብላቸው «ፊቴን ተዪልኝ» አሉ። ተውኩላቸው።

ይርጋለም አጠገቤ ተቀምጣ አሳየችኝ። የልጆቼን ፎቶ የሚያየው የማውቀው ሰው ብቻ እንዲሆን አደረግን፤ የቤቴን በርና ትምህርት ቤታቸውን የሚያሳየውን አጠፋን፤ የትውልድ ቀኔ የነበረውን የይለፍ ቃልም ለወጥን። ከዚያ በገዛ ስሜና በገዛ ፊቴ፣ ማኅተም ያለውን ወረቀት ይዤ፣ ያንን ፎቶ መቼና የት እንዳነሣሁ ጻፍኩ። ስድቡ እንደ በረዶ ወረደብኝ። ስንት ከፈለችሽ ያለኝ አለ፤ የባሌን ስም ጠርቶ የዛተም አለ። ለተሳዳቢ አልመለስኩም። የዛተብኝን ጽሑፍ አስቀርቼ፣ ለፌስቡክ አመልክቼ ዘጋሁበት። በቅን ለጠየቀኝ ሁሉ ግን መለስኩ። ስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልብስ ሰፊ ይህን ካደረግኩ፣ አንተ ምን እንዳቃተህ አላውቅም። የእኔን መቶ ዐሥራ ሰባት ሰው አጋራው። ያንተን በአንድ ቀን አራት ሺህ ነበር። ወይንእሸት አንብባው ሱቄ ድረስ መጣች፤ «እኔ እኮ ወንድምሽን አምኜ ነው» አለች። ይህን ለእሳቸው ንገሪያቸው ብላት፣ ዓይናቸውን ማየት አልችልም ብላ ሄደች።

እትዬ አሰጋሽ ገበያውን ትተዋል፤ ቦታቸው ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች። ጥምቀት ሲያልፍ ቤታቸውን ዘግተው ቢቸና እናታችን ዘንድ ገቡ። እናታችን ስትደውልላት ለምን ቶሎ እንደምትዘጋብህ አሁን ይገባሃል። ያንተ ድምፅ ሲሰማ እትዬ አሰጋሽ ነጠላቸውን አንሥተው ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ባለፈው ሳምንት ሄጄ እናታችንን ብጠይቃት «ልጄ ነው፣ አልረግመውም፤ ድምፁ ግን ከቤቴ ሰው ያስወጣል» አለችኝ።

ለእኔ ይቅርታ እንድትጠይቀኝ አልፈልግም። ወሬውን በለቀቅክበት ገጽ፣ በዚያው ስምህና ፊትህ፣ ውሸት እንደነበር፣ ሳታይ እንዳጋራኸው፣ እኚያ ሴት ያሳደጉህ እንደሆኑ ተናገር። ተከታይህ ይቀንስ እንደሆነ ይቀንስ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል፤ አንተ የጨመርክበት እሳት ነው። ከእንግዲህ የሚያናድድህ ነገር ስታይ እጅህን ሰብስብና ማን አለው፣ መቼ ነው፣ ፎቶውስ የማን ነው ብለህ ጠይቅ። ካልሆነልህ እለፈው፤ ባለማጋራት የሞተ ሰው የለም። ይህን እስክታደርግ ድረስ ስልክህን አላነሣም። ቂም ይዤ አይደለም፤ የማወራህ ስለሌለኝ ነው።

ለሳባ እኅታዊ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ኪዳነ ምሕረትን ጉንጯን ሳምልኝ፤ የእሷንም ፎቶ ለሠላሳ ሺህ ሰው ማሳየትህን ተው። ባለቤቴ ያለው ሰላም ይልሃል፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ልጆቼ መንግስቴና ሣህለ ማርያም አጎታችን ደኅና ነው ወይ ይላሉ። እናታችን ልብ ይስጥህ ብላለች። እትዬ አሰጋሽ ሰላምታ አልላኩልህም፤ እኔም ይላኩለት አላልኳቸውም።

እህትህ ምሥራቅ
ሞጣ፣ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.